ሰልፉ ለማን ነው?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በጥንቱ አማርኛ ሰልፍ ማለት ጦርነት ማለት ነበር። «ለሰልፍ ወጣ» ሲባል ጋሻና ጦሩን ይዞ ሊዋጋ ወጣ ማለት እንጂ ባንዲራ ይዞ በአደባባይ ሊያልፍ ወጣ ማለት አልነበረም። ዛሬ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል። ታክሲ ለመሳፈር በተራ መቆም ሰልፍ ነው፤ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በየክፍላችን መደርደራችን ሰልፍ ነው፤ በበዓል ቀን በዘፈንና በጌጥ በሕዝብ ፊት ማለፍም ሰልፍ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ አስተያየቴን የምሰጠው ስለ መጨረሻው፣ ይኸውም ስለ ትዕይንቱ ሰልፍ ነው። ጥያቄዬም አጭር ናት። አንዱ ሰልፍ ሲያልፍ ሕዝቡ እልል እያለ የሚከተለው፣ ሌላው ሲያልፍ ግን ጥላውን ዘርግቶ «መቼ ይሆን የሚያልቀው?» የሚለው ስለ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ገንዘብ ነው። ያማረ ልብስ፣ ትልቅ ሞንታርቦና በአበባ የተሸለመ አይሱዙ ካለ ሰልፉ ያምራል፤ ይህ ሁሉ ከሌለ አያምርም ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በእኔ አስተያየት የሰልፍን ውበት የሚወስነው ሰልፉ ለማን እንደ ተዘጋጀ ነው። በመንገዱ ዳር ለቆመው ሰው የተዘጋጀ ሰልፍ ድሃ ቢሆንም ያስደስታል፤ በድንኳን ለተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ብቻ የተዘጋጀ ሰልፍ ግን ሀብታም ቢሆንም ያሰለቻል። ይህንንም በምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሰልፍን ለመዝናኛ ብለው በማዘጋጀት በዓለም የታወቁት የመዝናኛ ፓርኮች ናቸው። ከእነዚህም ዋነኛው፣ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሚገኘው ዲዝኒላንድ፣ በሐምሌ ወር 1947 ዓ.ም. ተከፈተ። በሰኔ ወር 1964 ዓ.ም. ደግሞ በብዙ ሺህ የኤሌክትሪክ አምፖሎች ያጌጡ ሠረገሎች በሌሊት የሚያልፉበት ሰልፍ ጀመረ። በዚህ ሰልፍ ከመብራቱ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ የዜማው አሠራር ነው። ሠረገሎቹ የየራሳቸውን ዜማ ያሰማሉ፤ ነገር ግን ዜማዎቹ ሁሉ በአንድ የመሠረት ምት ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን አይረብሸውም። ስለዚህ በመንገዱ መጀመሪያ የቆመው ሕፃንና በመንገዱ መጨረሻ የቆመው ሕፃን እኩል ይደሰታሉ። አዘጋጆቹ ይህን ያህል የደከሙበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቲኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ እንግዳቸው ነውና፣ ከመንገዱ ጫፍ የቆመው ሰው አዝኖ እንዲመለስ አይፈልጉም።

በአገራችንም የመናፈሻና የመዝናኛ ሥፍራዎች እየበዙ ናቸው። በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የሚገኘው አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። በእነዚህ ሥፍራዎች የትዕይንት ሰልፍ የሚዘጋጅበት ቀን ቢመጣ፣ የሚያዘጋጁት ዛሬ በትምህርት ቤት ያለን ልጆች እንሆናለን። ለዚህም ሲባል ስለ ሰልፍ ካሁኑ ማሰብ ከንቱ ነገር አይደለም። ሆኖም ጥሩ ሰልፍ ምን እንደሚመስል ለመማር ወደ ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከደጃችን ብዙ ትምህርት አለ።

የጥምቀትን በዓል እንመልከት። ጥምቀት ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንጂ መዝናኛ አለመሆኑን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ሕዝብ ሰልፍን እንዴት እንደሚያስውብ የሚያስተምር ነውና በአክብሮት እጠቅሰዋለሁ። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱና በማግሥቱ ሲመለሱ ወጣቶች ከፊት ከፊት ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ካህናቱ በምንጣፉ ላይ ካለፉ በኋላ ወጣቶቹ ከኋላ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ እየሮጡ ወደ ፊት ያደርሱታል። መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ እያሉ ይሄዳሉ። እንግዲህ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ሥራው ራሱ ትዕይንት ሁኗል። ቆሞ የሚያየውም ሰው ቆሞ አይቀርም፤ ሰልፉ በፊቱ ሲያልፍ እየዘመረ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰልፍ ሲያልፍ ተመልካቹ ሰልፈኛ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ለሰልፉ የለም። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ማስፈሩ የሚያስደንቅ አይደለም። እንደዚሁም በእኛው አካባቢ በመውሊድ ጊዜ መንዙማ እያሰማ ወደ አብሬት የሚጓዘውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው፣ የክብር መቀመጫና የድምፅ ማጉያ ሳይኖር የብዙ ሰው ድምፅ እንደ አንድ ሰው ድምፅ ሲሰማ ምን ያህል ልብ እንደሚነካ ያውቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ በአዊ ዞን በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። እዚያ የሚታየው ጌጥ የፈረሱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ችሎታም ነው። ፈረሰኛው ፈረሱን ሲያስጋልብ፣ ጉግስ ሲጫወት፣ ልጓሙን ስቦ ሲያቆም፣ ተመልካቹ ትንፋሹን ይዞ ያያል፤ ይህን ሥራ እርሱ በአንድ ቀን ሊማረው እንደማይችል ያውቃልና። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንደ ተባለው ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናሳየው ምንድን ነው? አንድ ዓይነት ካኔተራ ለብሰን፣ ባነር ይዘን፣ እጃችንን እያወዛወዝን ማለፍ ነው። ባነር መያዝ ችሎታ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ተመልካቹ አንድ ጊዜ ያነበዋል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ሦስተኛው ነገር የሰልፍ አካሄድ ነው። በብራዚል አገር በሪዮ ዲ ጃኔሮ ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው የካርኒቫል ሰልፍ የውድድር ሰልፍ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ቡድኖች «የሳምባ ትምህርት ቤቶች» ይባላሉ፤ ዳኞችም ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥብ የሚሰጠው ለልብሱና ለከበሮው ብቻ አይደለም። ሰልፉ መካከሉ ላይ ተበጥሶ ባዶ ቦታ ከታየ ነጥብ ይቀነሳል፤ ከተወሰነለት ሰዓት ካለፈም እንዲሁ ይቀነስበታል። ይህ ሕግ ጥበብ ያለበት ነው። ሰልፍ እንደ ወንዝ ነውና፣ ውኃው ሲቋረጥ ወንዝ መሆኑ ይቀራል። በየበዓሉ የምናየው ግን ምንድን ነው? አንድ ቡድን ካለፈ በኋላ አሥር ደቂቃ ባዶ አስፋልት ይታያል፤ በዚያም መካከል ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል፤ ቀጥሎ ሌላ ቡድን እየተሯሯጠ ይመጣል። ተመልካቹም ሰልፉ አልቋል ብሎ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ የሰልፉ ግማሽ ገና ይመጣል።

ቅድመ አያቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር ብዬ በድፍረት እንድናገር የሚያደርገኝ የእኛው የጉራጌ ጀፎረ ነው። ለማያውቁት አንባብያን ለማስረዳት ያህል፣ ጀፎረ ማለት በመንደር መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰዋል። ሠርግ የሚያልፈው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ሸንጎ የሚሰበሰበው፣ ልጅ የሚጫወተው በዚያ ላይ ነው። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከየአገሩ የተመለሱት ዘመዶቻችን ከመንደሩ ሰው ጋር የሚጨፍሩትም እዚያው ነው። እንግዲህ ጀፎረን እንደ ሰልፍ ሜዳ አድርገን ብንመለከተው አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ጀፎረ የክብር ድንኳን የሚተከልበት ጫፍ የለውም። በየደጃፉ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በፊተኛው ረድፍ የተቀመጠ ነው። እግራቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ከበራቸው ሳይርቁ በርጩማቸው ላይ ሆነው የሚያዩትን ያህል ሌላው ሁሉ ያያል፤ ማንም ከማንም አይበልጥም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በብዙ ገንዘብና በብዙ ድካም የተገኘውን ነገር አባቶቻችን ቤቶቻቸውን በመደርደር ብቻ አግኝተውታል።

ጭፈራችንም ለዚህ መንገድ የተፈጠረ ነው። የጉራጌ ጭፈራ እግር ያለበት ጭፈራ ነው፤ መሬት ይፈልጋል፤ ቦታ ይፈልጋል። ይህን ጭፈራ በአይሱዙ ላይ ጭኖ በአስፋልት ማሳለፍ ግን በየበዓሉ የተለመደ ነገር ሁኗል። መኪናው ሲንገጫገጭ ጨፋሪው እንዳይወድቅ ብረቱን ይይዛል፤ የመኪናው ጎን ከፍ ያለ ስለ ሆነ እግሩ አይታይም፤ ሞንታርቦው ጆሮ ስለሚያደነቁር የጭብጨባው ድምፅ አይሰማም። ከጉራጌ ጭፈራ እግሩና ጭብጨባው ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል? ይህን ማድረግ ዓሣን ከውኃ አውጥቶ «ዋና አሳየን» እንደ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሰልፍ ለጥቂቶች ብቻ ሲዘጋጅ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ከጥቂት ዓመት በፊት እኔም በአንድ በዓል ላይ ሰልፈኛ ነበርሁ። በየትኛው በዓልና በማን አዘጋጅነት እንደ ነበረ መጥቀስ አያስፈልግም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በፀሐይ ላይ ቆምን፤ እንግዶቹ የደረሱት ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያም ንግግር ተደረገ፤ ከንግግሩም ቀጥሎ ሌላ ንግግር ተደረገ። በመጨረሻ እንድናልፍ ሲፈቀድልን ከድንኳኑ ፊት ያለውን ሃምሳ እርምጃ ያህል እየዘፈንን አለፍን። ድንኳኑን እንዳለፍን ግን ከበሮው ቆመ፤ ሰልፉም ፈረሰ፤ አንዱ ጫማውን አወለቀ፤ ሌላው ባነሩን እንደ ማገዶ ተሸከመ። ከድንኳኑ በታች ከማለዳው ጀምሮ ልጆቻቸውን አዝለው የቆሙ እናቶች ነበሩ። እነርሱ ያዩት ሰልፍ ይህ ነበር። ለሃምሳ እርምጃ ተዘጋጅተን የቀረውን መንገድ ረሳነው።

ይህ በትንሹ ነው። በትልቁ ደግሞ ታሪክ የሚያስታውሰው አለ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ፣ ያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በዛሬው መስቀል አደባባይ፣ በታላቅ ሰልፍ ተከበረ። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር። ትርኢቱን በማሰናዳት ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎችም ረድተዋል። በስፋቱና በሥርዓቱ ቢመዘን እንከን የሚወጣለት አይመስልም። ነገር ግን በዚያው ወራት በወሎና በትግራይ ሕዝቡ በረኀብ ያልቅ ነበር። ስለዚህም ይህ ሰልፍ ዛሬ ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ያማረውን አካሄድ አይደለም፤ በዚያው ጊዜ የራበውን ሕዝብ ነው። ሰልፍ አገር ራሷን በመስተዋት የምታይበት ነው። መስተዋቱ ሐሰተኛ ከሆነ ምንም ያህል ቢወለወል አያስደስትም።

መቸም አስተያየቴን የሚቃወሙ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ «እንግዳን ማክበር የአገራችን ባህል ነው፤ ሰልፉ ለክብር እንግዶች ቢሆን ምን ነውር አለበት?» ይላሉ። እንግዳ መከበሩ ተገቢ ነው፤ እኔም የምቃወመው አይደለሁም። ነገር ግን እንግዳ በቤታችን ሲመጣ ከቤተሰቡ መካከል እናስቀምጠዋለን እንጂ ቤተሰቡን አስወጥተን ለእርሱ ብቻ አናበላም። እንግዳውም ከሕዝቡ መካከል ተቀምጦ የሕዝቡን ደስታ ቢያይ ይበልጥ የተከበረ ይሆናል። ሌሎች ደግሞ «ሰልፍ ትምህርት የሚያስፈታ ጊዜ ማባከኛ ነው» ይላሉ። አዎን፣ ሦስት ሰዓት በፀሐይ መቆም ጊዜ ማባከን ነው። ነገር ግን መቶ ልጆች በአንድ ምት መራመድን፣ የጓደኛን እርምጃ መጠበቅን፣ የጀመሩትን እስከ መጨረሻ ማድረስን ቢማሩ፣ ይህ ራሱ ትምህርት አይደለምን? ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የሚለውን በቃል ከማጥናት በተግባር ማየት ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልባችንን ሊነካው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የካኔተራው መዋጮ ነው። በብዙ ቦታ ሰልፍ በተዘጋጀ ቁጥር ተማሪው ለካኔተራ ገንዘብ እንዲያዋጣ ይጠየቃል። ለአንዳንዱ ወላጅ ይህ ምንም አይደለም፤ ለአንዳንዱ ግን የሳምንት አስቤዛ ነው። ያላዋጣው ልጅ ከሰልፉ ይወጣና ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጓደኞቹ ሲያልፉ ያያል። ይህ ልጅ ምናልባት ከሁላችንም ይልቅ ከበሮ መምታት የሚችል ይሆናል። የክፍል ጓደኛውን ከዳር አቁሞ የሚያልፍ ሰልፍ፣ ልብሱ ምንም ያህል ቢያንጸባርቅ፣ በእኔ ሚዛን ሰልፍ አይባልም። የትምህርት ቤት መለያ ልብሳችን አለን፤ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል።

እንግዲህ ነቀፌታ ብቻ አቅርቤ እንዳልቀር፣ ለሚመጣው ዓመት የወላጆች በዓላችን የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰልፉ ከግቢያችን ተነሥቶ በገበያው መንገድ አልፎ ይመለስ። ጉብሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ መንገዱ አያደክምም። ሥራዋን ትታ ወደ ትምህርት ቤት ለመምጣት የማትችል እናት ልጅዋን ከጉሊቷ ሳትነሣ ታየዋለች። የእንግዶች መቀመጫም በመንገዱ አጋማሽ፣ ከወላጆች መካከል ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሰልፉ በተነገረው ሰዓት ይጀመር፤ ከአርባ ደቂቃም አይብለጥ። ንግግር ካለ ከሰልፉ በኋላ ሁሉም በተቀመጠበት ይደረግ። ሰኔ ዝናብና ጭቃ ስለ ሆነም በዓሉ በግንቦት ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከባነር ይልቅ የሚሠራውን ሥራ ያሳይ። ለምሳሌ አንዱ ክፍል የእንሰትን ነገር ከችግኙ ጀምሮ እስከ ቆጮው ድረስ በመሣሪያውና በአሠራሩ እያሳየ ቢያልፍ፣ እናቶቻችን የዕለት ድካማቸው ክብር አግኝቶ ሲያልፍ ያያሉ። ሌላው በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሠራውን መሣሪያ ይዞ ይለፍ፤ ሌላው ኳሱን እያንጠባጠበ ይለፍ።

አራተኛ፣ ጭፈራው በመሬት ላይ ይሁን፤ ሞንታርቦው ይቅርና ከበሮው ይሰማ። ሴት ተማሪዎችንም አበባ አስይዞ እንደ ጌጥ ከፊት ማቆም ይብቃ። ከበሮ መሪነቱንና የሰልፍ አዛዥነቱን የሚችሉበት ብዙ ናቸው።

አምስተኛ፣ የየክፍሉ ስም በግልጽ ይጠራ። በአጠገባችን በሚገኘው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሲሆን ከሩቅ አገር የመጡ ወላጆች በመቶ ከሚቆጠሩ ጥቁር ጋውን ከለበሱ ልጆች መካከል አንድ ፊት ብቻ ይፈልጋሉ። ያን ፊት ባዩ ጊዜ የሚያሰሙትን እልልታ ምንም ዓይነት ማርሽ ባንድ አይተካውም። ወላጅ ወደ ሰልፍ የሚመጣው ሰልፍ ለማየት አይደለም፤ ልጁን ለማየት ነው። ስለዚህ መቼ እንደሚያልፍ ይወቅ።

እነዚህ አምስቱ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አሳብን ብቻ ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚመጣው ዓመት እዚህ አንኖርም። አደራውን የምንሰጠው ለ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው። መምህሮቻችንም አሳቡን በመልካም እንደሚመለከቱት ተስፋ አለኝ። ሰልፉን ስታዘጋጁ «ምን እንልበስ? ማንን እንጋብዝ?» ከማለታችሁ በፊት፣ ከመንገዱ መጨረሻ የምትቆመውን፣ ማንም የማይጋብዛትን አንዲት እናት አስቡ። እርስዋ ጋ እስክትደርሱ ድረስ ከበሮው አይቁም፤ እርምጃችሁም አይበተን። እርስዋ እልል ካለች ሰልፉ ሠምሯል።